የትኛው ካርድ?

ከተማችን ሁለት ስም አላት። ሽማግሌዎቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ያቀኗት ከተማ ናትና ስሙ የዚያ ዘመን ነው። ወጣቱና መሥሪያ ቤቱ ጭሮ ይሏታል። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ በአንዱ ስም ይጣራል፣ ተሳፋሪው በሌላው ይጠይቃል፣ ሁለቱም ሳይጠፋፉ መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ለአንድ ነገር ሁለት ስም መኖሩ ማንንም አላስቸገረም። ሰው የሚቸገረው አሥር ነገር በአንድ ስም ሲጠራ ነው። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ሲሰፋ ያየሁት ስም ደግሞ "ካርድ" ነው።

ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በዞናችን ጤና ተቋማት፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም። ከመስኮቷ ኋላ ቁጭ ብላ "ካርድ አለዎት?" የምትለዋ ሴትዮ ነኝ። ሰው ያንን ቃል ሲሰማ እጁ ወዴት እንደሚሄድ ደኅና አድርጌ አይቻለሁ። አንዱ ኪሱን ይዳብሳል፣ አንዷ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ትፈታለች፣ አንዱ ስልኩን ያወጣል። ሁሉም የሚያወጡት ነገር ካርድ ይባላል፤ እኔ የምፈልገው ግን አንዱን ብቻ ነው።

እስቲ እንቁጠራቸው። ተማሪው ሰኔ 30 የሚቀበለው ካርድ ነው፤ "ስንተኛ ወጣህ?" የሚባለው እሱን አይቶ ነው፣ ውጤቱ የከፋበት ልጅ የአባቱን ፊርማ የሚለማመደውም ለእሱ ነው። ነፍሰ ጡሯ ለክትትል ስትመጣ ካርድ ይሰጣታል። ስትወልድ ልጁ የራሱን የክትባት ካርድ ያገኛል፤ እንደተወለደ የተከተበው ይጻፍበታል፣ ከዚያ የ6ኛው፣ የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት፣ በ9 ወሩ ደግሞ የኩፍኙ። የልደት ምዝገባ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ከመጀመሩ በፊት፣ ብዙ እናት ልጇን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ የዕድሜው ማስረጃ አድርጋ የምታወጣው ያችኑ የታጠፈች ካርድ ነበር። ሴፍቲኔት የታቀፈ ቤተሰብ የተጠቃሚነት ካርድ አለው። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃውን "ቢጫ ካርድ" ይለዋል፤ ዲቪ የሞላ "ግሪን ካርድ" ያልማል። ባንክ በር ላይ የቆመው ደግሞ "ማሽኑ ካርዴን ዋጠው" እያለ ያማርራል። ፖለቲከኛው "የብሔር ካርድ መዘዘ" ተብሎ ይታማል፣ እጮኛዋን ያባረረች "ቀይ ካርድ ሰጠችው" ይባልላታል።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕዝቡ ራሱ ባቋቋማቸው ነገሮች ውስጥ ካርድ የለም። እድር ያለው ደብተር ነው፣ እቁብም ያለው ደብተር ነው። ሠርግ የጥሪ ካርድ ይበተንበታል፤ ለቅሶ ግን ማንም ካርድ አይጠብቅም፣ የሰማ ሁሉ ይሄዳል። የቀበሌውን ወረቀት እንኳን ሰው ካርድ አላለውም፣ "መታወቂያ" ብሎ በራሱ ቋንቋ ሥራውን የሚናገር ስም አወጣለት። የሚያውቀን ሰው ካርድ አይጠይቀንም። ካርድ የሚጠየቀው የማያውቀን ሰው ፊት ስንቆም ነው፤ ስለዚህ ቃሉ በኑሯችን ውስጥ በሰፋ ቁጥር ከማያውቁን ጋር የምንሠራው ጉዳይ በዝቷል ማለት ነው።

ቃሉ ባዕድ ስለሆነ ይውጣልን የሚሉ አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ካርድ ከእንግሊዝኛ መጣ፤ የቤት ካርታ፣ የአገር ካርታና ኮንከር የምንጫወትበት ካርታ ከጣልያንኛ መጡ፤ ካርቶንም ከዚያው ዘር ነው። የእነዚህ ሁሉ አያት የግሪኮች የፓፒረስ ቅጠል ስም ነው። ያው ቃል በዓረብኛ ቂርጣስ ሆኗል፤ እኛም ዘንድ ክርታስ ተብሎ ከድሮ ጀምሮ አለ። ካርድን የምናባርር ከሆነ ክርታስን የት ልናደርገው ነው? ኦሮምኛ ተናጋሪውም "ካርዲ" ብሎ ወስዶታል። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው በሁለቱም ቋንቋ ያለ ችግር ይጠቀምበታል። ቃሉ እንግዳ መሆኑ አይደለም የሚያስቸግረው።

የስልኩ ካርድ ይህን በደንብ ያሳያል። መጀመሪያ እውነተኛ ካርድ ነበር። ባለ 10ሩ፣ ባለ 25ቱ፣ ባለ 50ው ሱቁ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ገዢው በጥፍሩ ወይም በሳንቲም ይፍቀዋል፤ ግራጫው ሲነሳ ቁጥሩ ይወጣል፤ ኮከብ 805 ኮከብ ብሎ ያስገባዋል። ገለምሶ ያለች እናቱን ካርድ ሊሞላላት የፈለገ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሆኖ ካርዱን ፍቆ ቁጥሩን ያነብላታል። እሷ ጎረቤት ትጠራለች፣ ጎረቤት ይጽፋል፣ አንድ አሃዝ ይሳሳታል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነበባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ይህ ሁሉ እየቀረ ሄዷል፤ ልጁ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ ይልክላታል። እሷ ግን ዛሬም "ካርድ ላክልኝ" ነው የምትለው። ሱቅ ገብታችሁ "የ50 ካርድ" ስትሉ ባለሱቁ የሚያወጣው ስልኩን ነው። ወረቀቱ ሄዶ ስሙ ቀርቷል፣ ማንም ግን አልተደናገረም፤ ሱቅ ውስጥ "ካርድ" ሲባል ምን እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ያውቃሉና።

ችግሩ የሚጀምረው ጠያቂው የሚያውቀውን ተጠያቂው የማያውቅ ጊዜ ነው። ይህን ሳስብ የኳስ ሜዳው ካርድ ታሪክ ይገርመኛል። በ1966 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ፣ ጀርመናዊው ዳኛ የአርጀንቲናውን አምበል ራቲንን አስወጣው። ዳኛው ስፓኒሽ አያውቅም፣ ራቲን ጀርመንኛ አያውቅም፤ አልወጣም ብሎ ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ። የዳኞች ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ኬን አስተን ከዚያ በኋላ ከትራፊክ መብራት ወስዶ ቢጫና ቀይ ካርድን አሰበ፤ በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ላይም ሥራ ላይ ዋለ። የቋንቋ አለመግባባት እንዳይኖር፣ ሜዳ ውስጥ ያለውም ጠርዝ ላይ የተቀመጠውም እኩል እንዲያይ ተብሎ የመጣ ነገር ነው። የኛ መሥሪያ ቤቶች ካርድ ግን የተገላቢጦሽ ሆኗል። ጉዳዩን የሚያውቀው ከመስኮቱ ወዲህ ያለው ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ይገምታል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከቦኬ በኩል የመጡ አንድ አባት እኔ መስኮት ጋ ደረሱ። ተቋሙን አልጠቅስም፤ የትም ቢሆን ሊሆን የሚችል ነውና። በሩ ላይ ጥበቃው "ካርድ ይያዙ" ብሏቸዋል፤ እሱ የሚለው የተራ ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ነው። የጤና መድን ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ "ካርድዎን ያምጡ" ተብለዋል፤ እዚያ የሚፈለገው የመድን አባልነታቸው ማስረጃ ነው። ወረፋ ላይ ከፊታቸው የቆመ ጎረምሳ ደግሞ "ካርድ ካላወጡ ሐኪም አያይዎትም" አላቸው፤ እሱ የሚለው የኛን ነው። እኔ ጋ ሲደርሱ ምንም አልተናገሩም። የያዙትን ፌስታል መስኮቱ ላይ ዘረገፉት። የ2013 የምርጫ ካርድ፣ የሴፍቲኔት ካርድ፣ የልጅ ልጃቸው የክትባት ካርድ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ የተማሪ ካርድ፣ ተፍቆ ያለቀ ባለ 25 ብር የስልክ ካርድ። ከዚያ ቀና ብለው "አዴ፣ ካርዲ ካም?" አሉኝ። የትኛው ካርድ ማለታቸው ነው።

በሥራ ዘመኔ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ትክክለኛው ነው እላለሁ። ሰውዬው ምንም አላጎደሉም። ቤታቸው ውስጥ ካርድ የሚባል ነገር ያለውን ሁሉ ሰብስበው፣ ሌሊት ተነስተው መጥተዋል። አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ቃል ሦስት የተለያየ ወረቀት የጠየቃቸው ተቋሙ ነው። ስማቸውን ከመድኑ መዝገብ አፈላልገን ታከሙ፣ ግን ፀሐይዋ አጋድላ ነበር፤ የመጡበት መኪናም ሄዷል።

የካርድ ክፍሉ ካርድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ታካሚው ይዟት የሚሄደው ትንሿ ካርድ ላይ ቁጥር አለ። ዋናው ነገር ያ ቁጥር ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያለውን ፎልደር ያሳየናል። የሐኪሙ ጽሑፍ፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የታዘዘው መድኃኒት ያለው ፎልደሩ ውስጥ ነው። ትንሿ ካርድ ከጠፋች በስም የሚፈለግበት ሣጥን አለ፤ በፊደል ተራ የተደረደረ። ይኼኔ ነው የአካባቢያችን ፈተና የሚመጣው። መሐመድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ መዝጋቢ በኦ ይጽፈዋል፣ ሌላው በዩ፣ ሌላው በኤ። ያንኑ ስም ከነአባቱ የያዙ ሰዎች ደግሞ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳን ብዙ ናቸው። ስለዚህ የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የመንደር ስም፣ ግምታዊ ዕድሜ እየጠየቅን እናጣራለን። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይገኛል።

ታካሚው ይህን ስለማያውቅ "ካርዴ ጠፋ" ሲል ሁሉም የጠፋ ይመስለዋል። አፍሮም ሊሆን ይችላል፣ ቸኩሎም ሊሆን ይችላል፣ "አዲስ ይውጣልኝ" ይላል። አዲስ ሲወጣለት አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ባዶ ፎልደር ይከፈትለታል። አሮጌው መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ሐኪሙ ባዶውን ፎልደር ሲከፍት ሰውዬው ስኳር እንዳለበት አያይም፤ ባለፈው ዓመት የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ እንደነበር አያይም፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው አያይም። አንድ ቃል ለትንሿም ለትልቁም ስለዋለ፣ ሰው ትንሿን ሲጥል ትልቁን ትቶ ይሄዳል። "ትንሿ ካርድ ብትጠፋም ፎልደርዎ እዚህ አለ፤ እንዳያስቀይሩት" ብሎ መንገር የአንድ እስትንፋስ ሥራ ነበር።

በምርጫውም ያው ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ለተካሄደው ስድስተኛ አገራዊ ምርጫ ካርድ ያወጣ ሰው "ካርዴን ለእገሌ ሰጠሁ" ሲል መረጥኩት ማለቱ ነው። በሥርዓቱ ግን ካርዱ መራጭ ሆኖ መመዝገቡን ያሳያል እንጂ ድምፅ አይደለም፤ ኮሮጆ ውስጥ የሚገባው ምልክት የተደረገበት የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። ሰው ሁለቱን በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ ምርጫው ካለፈ በኋላ ካርዱን ሣጥን ውስጥ እንደ ውል ያስቀምጠዋል። በእነዚያ አባት ፌስታል ውስጥ የነበረውም እንዲሁ የተቀመጠ ነው። ወረቀትና መብት አንድ ስም ሲይዙ፣ ወረቀቱን የያዘ መብቱን የጨበጠ ይመስለዋል፣ ወረቀቱ የጠፋበት መብቱም የጠፋ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ፋይዳ መጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ዋናው ነገሩ ቁጥር ነው፤ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ተወስዶ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩም በስልክ መልእክት ይደርሳል። ስሙ ራሱ ደስ ይለኛል፤ ጥቅም ማለት ነው፣ ማንም አማርኛ ሰሚ ይረዳዋል። ሰፈራችን ውስጥ ግን የምሰማው "የፋይዳ ካርዴ አልደረሰኝም" የሚል ነው። ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ፕላስቲኩ እስኪመጣ ጉዳዩን አቁሞ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገንዘብ ከፍሎ የሚያሳትመውም አለ። ማሳተሙ ነውር የለበትም፣ ለመያዝ ይመቻል። ነገር ግን ባንኩም ሌላውም መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ቁጥሩን መሆኑን የነገረው የለም። "ካርድ" ብለን ስለጠራነው ሰው የሚዳሰስ ነገር ይጠብቃል፤ አይፈረድበትም።

እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። "ካርድ የለዎትም" የሚለው አነጋገር በመሥሪያ ቤቶቻችን እንደ ሙሉ መልስ ተቆጥሯል፤ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ሦስት ነገር ይዟል። የትኛው ካርድ እንደሆነ በሙሉ ስሙ ይነገር፤ የመድን ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የተራ ቁጥር ይባል። ከየትኛው መስኮት እንደሚወጣ ይነገር። እስኪወጣ ድረስ ሰውዬው ምን ማድረግ እንደሚችል ይነገር። ሦስቱን ያልጨመረ ሠራተኛ ለባለጉዳዩ መልስ አልሰጠውም፣ ወደ ሌላ መስኮት ገፋው እንጂ።

ሥራ በዝቶብን ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም በዚያ ወረፋ ፊት ተቀምጬ ውያለሁ። ግን በአጭሩ "ካርድ" ተብሎ የተላከ ሰው አይቀርም፣ ተመልሶ ይመጣል። ተመልሶ ሲመጣ ወረፋው ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። በሙሉ ስሙ መጥራት ለሠራተኛውም ዕረፍት ነው።

ወጪም የለውም። በየመስኮቱ ላይ እዚያ የሚጠየቀው ወረቀት ስም በኦሮምኛና በአማርኛ በትልቁ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ የወረቀቱ ናሙና ራሱ ይለጠፍ፣ አይቶ ከፌስታሉ መዝዞ ያወጣዋል። ሚኤሶም ይሁን ሂርና፣ በዴሳም ይሁን መቻራ፣ አንድ ማስቲሽና አንድ ወረቀት የማያገኝ ቢሮ የለም። ድንገተኛ ታካሚ ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው፤ ምጥ ይዟት የመጣች ሴት፣ ከመኪና አደጋ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ይታያል፣ ካርዱ ከኋላ ይወጣል። ይህን ሁሉም ባለሙያ ያውቀዋል፤ መስኮቱ ላይ ያለችውም በር ላይ ያለውም እኩል ማወቅ አለባቸው።

ለባለጉዳዩም የምለው አለኝ። "ካርድ አምጣ" ስትባሉ እሺ ብላችሁ ዞር አትበሉ። የትኛው ብላችሁ ጠይቁ፤ ኦሮምኛ የሚቀናችሁ በኦሮምኛ፣ አማርኛ የሚቀናችሁ በአማርኛ። ሁለተኛ ብትጠይቁም ማንም ሊቆጣችሁ መብት የለውም። መልሱን የማያውቅ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ የሚያውቅ ይጥራላችሁ፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ነው።